ለነፋስ አፍንጫዋን የምትሰጥ ጀልባ

ሰፈሩ ሁሉ ቁምሳጥን ይላታል። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ስም አላት፤ ግን እሱን ስም የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ነው።

ስሙ የወጣላት ገና አዲስ ሙሽራ ሳለች፣ ከባሏ ቤተሰብ ጋር የሰው ዕቃ ስታጓጉዝ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ባለ ሦስት በር ቁምሳጥን ነበር። ወንዶቹ በር ላይ ቆመው አንዱ "በመስኮት ይውረድ" ይላል፣ ሌላው "ይፈታ" ይላል፣ ሦስተኛው ወገቡን ይዞ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። እሷ ክርክሩ ሰለቻት። ገመዱን ግንባሯ ላይ አደረገች፣ ቁምሳጥኑን ጀርባዋ ላይ አዘለች፣ ደረጃውን ያዘችው። ታች የነበረው ዘበኛ ቀና ሲል እግር ያለው ቁምሳጥን ወደ እሱ ይመጣል። "ኧረ የሰው ያለህ! ዕቃው ራሱ እየወረደ ነው!" ብሎ እግሬ አውጪኝ አለ። በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ቁምሳጥን ሆና ቀረች።

እንዲህ እንዲህ እያለች የስንቱን ሰው አልጋ፣ የስንቱን ፍሪጅ፣ የስንቱን ፒያኖ ተሸክማ ኖረች። ባሏ ሲሞት የጭነት መኪናቸው ተሸጠ። ጀርባዋን ያየው ሐኪምም መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ገፋ አድርጎ፣ "ከእንግዲህ ከሻይ ማንኪያ በላይ እንዳታነሺ" አላት።

"ሻዩስ ከነውሃው ይቆጠራል?" ብላ ወጣች።

ታዲያ ሰው ሁሉ "አለቀላት" ሲል፣ እሷ ከባህሩ ዳርቻ ካለው የወተት ማከፋፈያ ሥራ አገኘች። ፊት ለፊት ያለችው ደሴት ላይ የአረጋውያን ቤት አለ። በዚህ በኩል የነበረውን የደሴቷን መድረሻ ማዕበል ካፈረሰው ወዲህ ትልቅ ጀልባ አይጠጋም፤ ድንጋይ ነው። በድንጋዮቹ መሃል አንዲት ቀጭን መግቢያ ብቻ ቀረች፣ በእሷ ደግሞ የሚያልፍ ቀጭን ነገር ያስፈልጋል። ማከፋፈያው መጋዘን ውስጥ አንዲት ካያክ ተሰቅላ ነበር፤ ረጅም፣ ጠባብ፣ ሁለት ጫፏ የሾለ፣ ከፊትና ከኋላ ባለ ክዳን ማስቀመጫ ያላት የባህር ጀልባ። መሃሏ ላይ ቁጭ ብለህ እግርህን ወደ ውስጥ ትዘረጋለህ፣ ባለ ሁለት ምላስ መቅዘፊያ ይዘህ ግራ ቀኝ ትላለህ። ቁምሳጥን መጀመሪያ ቀን ሁለቴ ተገልብጣ ሁለቴ ጠጣች። በሳምንቱ ግን ፍቅር ያዛት። "ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ዕቃ ተሸከምኩ፤ አሁን ውሃው ይሸከምልኛል፣ እኔ ገፋ ገፋ ብቻ ነው" ትላለች።

ጭነቱን የሚጭኑላት አማቷ ናቸው፣ የባሏ አባት። "አባዬ" ትላቸዋለች። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን የጫኞች አለቃ ነበሩ፤ ጉልበታቸው ሲከዳቸው አፋቸው ታማኝ ሆኖ ቀርቷል። ጠዋት ጠዋት ስፖንጁ የወጣ የቢሮ ወንበር ጀልባ ማስቀመጫው በር ላይ አስቀምጠው፣ ትንንሾቹን የወተት ጀሪካኖች አንድ በአንድ እየመዘኑ ራሳቸው ይጭናሉ። ቁምሳጥን ልታግዝ እጇን ከላከች በከዘራ ጫፍ ቸብ ያደርጓታል።

"ከባዱን ወደ ራስ!" ይላሉ፣ ድምፃቸውን ከሆዳቸው አውጥተው። "ከባዱ ከሾፌሩ ጀርባ ይለጠፋል፣ ቀላሉ ወደ ኋላ ይሄዳል! ያለዚያ ዳገት ላይ መኪናው አፍንጫውን ያነሳና መሪው እንደ ላባ ይቀልሃል!"

እውነታቸውን ነው፤ የጭነት መኪና ሕጉ ይሄ ነው። በዚህ ሕግ አንድም ብርጭቆ ሳይሰበር የስንቱ ቤት ተጉዟል። እናም ወተቱ ሁሉ ጀልባዋ አፍንጫ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ኋላዋ ባዶ ይሆናል፣ እሳቸው እጃቸውን አራግፈው "ንዳ!" ይላሉ።

ባህሩ ጸጥ ባለ ወቅት ችግር አልነበረም። የነፋሱ ወራት ሲገባ ነው ጉዱ የፈላው።

ደሴቷ ፊት ለፊት ናት፣ ነፋሱ ከቀኝ ይመጣል። ጀልባዋ ጥቂት ቀዘፋ ደህና ትሄድና፣ ስሙን እንደጠሩት ሰው፣ ዞር! አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ። ቁምሳጥን በቀኝ በኩል እየደጋገመች ቀዝፋ ትመልሳታለች። ትስተካከላለች። ዞር! ደግሞ በቀኝ፣ ደግሞ በቀኝ። ቀኝ ትከሻዋ ይነድዳል፣ ግራው የዓመት ፈቃድ የወጣ ይመስል ዝም ብሎ ይከተላል። ከባህር ዳር የሚያያት ሰው እየጨፈረች የምትሄድ ነው የሚመስለው። ደሴቷ ጋ ስትደርስ ፀሐይዋ ቀድማታለች፣ ወተቱም ፊቱ መቀየር ጀምሯል።

ይሄን ዳንስ በደስታ የሚያየው ቱርቦ ነበር። ቱርቦ የሞተር ጀልባ አለው። ንግግሩም እንደ ሞተሩ ነው፤ ሳያስል አይነሳም፣ ከተነሳ አይቆምም። "እህ! እህ! እትዬ ቁምሳጥን፣ ዛሬም ዳንስ ላይ ነሽ? እህ! ሙዚቃውን ልክፈትልሽ እንዴ? እኔኮ ያንን ወተት በዚያኛው በኩል ዞሬ፣ ኮረብታውን በጋሪ ተሻግሬ፣ በአፍታ ነበር የማደርሰው፣ እህ!"

"አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ ጉሮሮህን ጠገን፤ ከዚያ ወተት ታደርሳለህ" ትለዋለች። በአፏ ትመልስለት እንጂ ትፈራለች። ለምን ቢባል፣ ይሄ ሥራ ከሄደ ከአባዬ ጋር የምትኖርባትን የባህሩን ዳርቻ ቤት የሚያስይዛት ነገር የለም። የባሏ እህት ከተማ መሃል አምስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አዘጋጅታ ትጠብቃለች። ማታ ማታ ትደውላለች፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው አፏን ሞጥሙጣ፦

"የኔ ቆንጆ፣ ትከሻሽስ? አዬ! ኑና እረፉ እንጂ። ሶፋው እኮ እግር ማንሻ አለው። አባባም ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል።"

አባዬ ከአልጋቸው ሆነው ይሰማሉ። "እግሬን የሚያነሳ ዕቃ አልፈልግም በያት! ስሞት ያነሱኛል!"

ቁምሳጥን ሶፋውን ሳታየው ጠላችው። ስንት ሶፋ ተሸክማለች፤ አንዱም ላይ ተቀምጣ ለመቅረት አስባ አታውቅም።

እንግዲህ በአንድ ነፋሻ ጠዋት እንደ ልማዷ እየተሽከረከረች ደሴቷ ደረሰች። የአረጋውያኑ ቤት ኩሽና ከድንጋዩ በላይ ነው፤ ከመስኮቱ ገመድና ቅርጫት ይወርዳል፣ ጀሪካኖቹ በቅርጫቱ ይሳባሉ። የምትስበው የኩሽናዋ አለቃ ናት፤ ክንዷ እንደ ዳቦ ሊጥ የወፈረ፣ የቃሏን መጨረሻ እንደ ገመዷ የምትጎትት ሴት። አንዷን ጀሪካን ሳበች፣ ከፈተች፣ አሸተተች፣ በመስኮት ብቅ አለች።

"አንቺ-ኢኢ!"

"አቤት እህቴ!"

"ይሄ ወተት አይደለም-ምም። ይሄ እርጎ ሊሆን መንገድ የጀመረ ነገር ነው። እርጎ አዝዣለሁ-ውው?"

"ነፋሱ እኮ ነው፣ እህቴ—"

"ነፋሱን ልጠጣው-ውው? እነዚህ ሽማግሌዎች መድኃኒታቸውን የሚውጡት በትኩስ ወተት ነው። በየቀኑ ማንኪያቸውን ይዘው እየጠበቁ 'ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ' ይሉኛል። የኔዋ ላም ሰማይም የለችም፤ ባህር ላይ ስትዞር ትውላለች-ችች!" ጀሪካኗን መልሳ በቅርጫቱ አወረደቻት፣ የቆዩትን ባዶዎችም አስከትላ። "ሁሉንም ውሰጂው። ሐሙስ ቱርቦም ይጭናል፣ አንቺም ትጭኛለሽ። ወተቱ ቀድሞ ምድጃዬ ላይ የተጣደለት፣ ከዚያ ወዲያ ወተት የሚያመጣልኝ እሱ ነው። ነፋስ ይኑር፣ አይኑር፣ አላውቅም-ምም።"

መስኮቱ ተዘጋ።

ቁምሳጥን ቅስሟ ተሰበረ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይሄ ነው፤ ያመጣችውን ወተት ይዛ ልትመለስ። ሙሉዎቹን ለቅርጫቱ ብላ ድንጋዩ ላይ አውርዳቸው ስለነበር፣ ባዶዎቹ ጀሪካኖች እየተወረወሩ የፊቱን ማስቀመጫ ሞልተውታል። ማን ያወጣቸዋል? ማን ይደረድራል? ተናዳለቻ! ሙሉዎቹን ጀሪካኖች የኋላው ማስቀመጫ ውስጥ እየወረወረች አጎረች፣ ክዳኑን በቡጢ መታችው፣ ገባችና መቅዘፍ ጀመረች። አባዬ ቢያዩ ኖሮ ራሳቸውን ይስቱ ነበር።

ነፋሱ ያው ነው፤ አሁን በግራ ጉንጯ በኩል ሆነ እንጂ። ጥርሷን ነክሳ ጀልባዋ እስክትዞርባት ትጠብቃለች። ቀዘፈች። ቀዘፈች። አልዞረችም። ቁምሳጥን ስድቧን አፏ ውስጥ አዘጋጅታ ይዛዋለች፣ የምትሰድበው ነገር ግን አልመጣም። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። የጀልባዋ አፍንጫ ዳርቻው ላይ ያለውን የጀልባ ማስቀመጫ ቀይ ጣሪያ አይቶ አልነቃነቅ አለ።

"ምነው?" አለቻት ጀልባዋን። "አኮረፍሽ?"

መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አሳርፋ አሰበች። ባዶዋን ስትመለስ ጀልባዋ ደህና እንደምትሆን ታውቃለች፤ ሁልጊዜ "ወደ ቤቷ ስለሆነ ነው፣ ፈረስም ወደ በረቱ ሲመለስ ቀጥ ይላል" እያለች ነበር። ዛሬ ግን ባዶ አይደለችም። "ስመጣም ይሄው ወተት፣ ስመለስም ይሄው ወተት" አለች ጮክ ብላ። "ነፋሱም ያው ነፋስ። ቀዛፊዋም ያቺው እኔ። የተለወጠ ነገር ቢኖር... ቦታው ነው! ቦታው!"

መሃል ባህር ላይ "ቦታው!" እያለች ስትጮህ ቱርቦ በአጠገቧ አለፈ። "እህ! እትዬ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?"

"አዎ፣ መታችኝ! አናቴን ብላ መታችኝ!" ብላ ሳቀችበት። ቱርቦ ፍጥነቱን ጨመረ፤ ከእብድ ጋር መሃል ባህር ላይ ማን ይቆማል?

አሁን ባህሩን ጨረሰች፤ የቀረው ከባህሩ የሚከፋው ነው። አባዬን ማሳመን።

"አባዬ፣ ወተቱን ወደ ኋላ ልናደርገው ነው።"

"ልናደርገው? ስንት ሆናችሁ ነው?"

"እኔ ነኝ፣ አባዬ። ኋላዋ ሲቀል ነፋሱ ጭራዋን ይጠርገዋል፣ ለዛ ነው የምትዞረው። ዛሬ ኋላ ጭኜ እንደ ክር ቀጥ ብዬ መጣሁ።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "ከባዱን ወደ ኋላ? በእኔ ፊት? መሪው ይቀልሻል!"

"መሪ የላትም እኮ፣ አባዬ።"

"የላትማ! ታዲያ ባይኖራት አይደል የምትዞረው!"

አለቀ። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩና ከግድግዳው ጋር መኖር ጀመሩ። ምሳ ስታመጣ "አስቀምጪው፣ ወደ ኋላ ግን አይደለም" ይሏታል። ቁምሳጥን ሳታማክራቸው ልትጭነው ትችል ነበር፤ ግን ያ ጭነት የሽማግሌው የመጨረሻ ሥራ ነው። ከእጃቸው ነጥቃ ብታሸንፍ፣ ያ ማሸነፍ አይሆንላትም።

በማግስቱ ነፋሱ በር በሚገነጥልበት ሰዓት ፍራሽ ላናፍስ ብላ ወጣች። አስባበት ነው? እሷ "እኔ ምን አውቄ" ነው የምትለው። ብቻ ጤነኛ ሰው በዚያ ነፋስ ፍራሽ አያናፍስም። ትልቁን ፍራሽ በአንድ ጫፍ ይዛ ከአባዬ ወንበር አጠገብ ከነፋሱ ጋር ትታገላለች፤ ፍራሹ በጥፊ ይመታታል፣ ይሸፍናታል፣ እሷ ከውስጥ "ዋይ! ዋይ!" ትላለች። የጫኞች አለቃ የነበረ ሰው ይሄን እንዴት ይቻለው? ወንበሩ ከግድግዳው ዞረ።

"እንደዚህ ነው ፍራሽ የሚያዘው? አዋረድሽን! ሙያችንን አዋረድሽው!"

"እንዴት ልያዘው ታዲያ?"

"ፍራሽ በነፋስ... አንዴ ወፍራሙና ሽቦው የሚባሉ ጫኞች ነበሩኝ።" ድምፃቸው ሞቀ፤ ወሬ ሲጀምሩ ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል። "ወፍራሙ ከፊት፣ ሽቦው ከኋላ፣ ፍራሽ በአናታቸው ይዘው ድልድይ ይሻገራሉ። መሃል ላይ ነፋሱ ከጎን መጣባቸው። ወፍራሙን ምን ያድርገው? ተራራ ነው። ሽቦን ግን ጠርጎ ወሰደው! ወፍራሙ እንደ ችካል ቆሟል፣ ሽቦ ከኋላ እግሩ መሬት ሳይነካ ይበራል፣ ፍራሹ እየዞረ፣ እየዞረ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አደረገና..."

አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

"አደረገና?" አለች ቁምሳጥን፣ ከፍራሹ ሥር አንድ ዓይኗን ብቅ አድርጋ።

አባዬ ባህሩን አዩ። ጀልባዋን አዩ። አፍንጫዋን አዩ፣ ጭራዋን አዩ።

"ወፍራሙን..." አሉ ቀስ ብለው፣ "ወደ ኋላ ላክሁት።" ከዚያ ከወንበራቸው ተነሱ። "ምን ተገትረሽ ታይኛለሽ? ጀልባዋን አውጪያት! እስከ ዛሬ ወፍራሙን ከፊት አድርገን ስንለፋ የት ነበርሽ?"

ያንኑ ከሰዓት በኋላ ጀሪካኖቹን ውሃ ሞልተው ሁሉንም ወደ ኋላ ጫኑ። አባዬ ሲያምኑ በልክ አያምኑም፤ ለመተማመኛ ብለው ድንጋይም ጨመሩበት። ቁምሳጥን ወጣች። ጀልባዋ አፍንጫዋን ሽቅብ አነሳች፣ ነፋሱ ያንን አፍንጫ አገኘና እንደ በር ወለል አደረገው። አሁን ደግሞ በተቃራኒው፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ፈረጠጠች! ቁምሳጥን በግራ ብትቀዝፍ፣ ብትለምን፣ ብትሳደብ፣ ጀልባዋ ጆሮ ዳባ ልበስ። ዋናተኞች የሚታጠቡበት ዳርቻ ድረስ ወስዳት የአንድ ወፍራም ሰውዬ ፎጣ ላይ አወጣቻት።

ጀልባዋን እየጎተተች ስትመለስ አባዬ ከሳቅ ብዛት እንባቸው ይወርዳል። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየቻቸውም።

"አሁን ትዝ አለኝ!" አሉ። "ያኔም ወፍራሙን ከኋላ ሳደርገው ሽቦ ፍራሹን ይዞ ወንዝ ዳር ድረስ ሮጦ ነበር!"

"እንዴ አባዬ! ቀድመው አይነግሩኝም?"

"መች አስጨረስሽኝ!"

ከዚያ እንግዲህ ሥራ ተጀመረ። አባዬ ሱሪያቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በአንድ መዳፍ አፍንጫዋን ከሥር ቀና አደረጉ፣ ከዚያ ዞረው ጭራዋን። ሶፋ ከመነሳቱ በፊት የትኛው ጫፍ እንደሚከብድ የሚያውቁት እንደዚህ ነው። "ገና ነው። አንድ ጀሪካን ወደ ፊት። አሁንም ጭራዋ ወፍራም ነው። ትንሿን ደግሞ ወደ ፊት። እ... ሂጂ።" ቁምሳጥን ትወጣለች፣ ነፋሱን በጎኗ ትቀበላለች፣ ትመለሳለች። "ትንሽ ወደ ነፋሱ ታያለች፣ አባዬ።" አንዷ ጀሪካን ትመለሳለች። "አሁንስ?" "አሁን ደግሞ ትንሽ ትሸሻለች።"

በመጨረሻ አባዬ ጭነቱን ተዉትና እሷን ራሷን ከላይ እስከ ታች አይዋት። "መቀመጫው ይፈታል?"

"ብሎን ነው። ምነው?"

"ከጭነቱ ሁሉ የምትከብጂው አንቺ ነሽ። ወተቱን ብቻ ስናንሸራትት ዋልን።"

"እኔን ከዕቃ ቆጠሩኝ?"

"ስምሽ ምን ሆነና!"

ብሎኑን ፈትተው መቀመጫዋን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ወደ ኋላ ሳቡት። አባዬ ጀሪካኖቹ እንዳይንሸራተቱ በዕቃ ማጓጓዣው ብርድ ልብስ ጠቀለሏቸው፣ በሰፊው ቀበቶ ጠፍረው ቋጠሯቸው፤ ከቦታው የሄደ ጭነት የወጣ ነፍስ ነው ይላሉ። ቁምሳጥን ወጣች። ነፋሱ ጎኗን መታት። ጀልባዋ ወደ ነፋሱም አላየች፣ ከነፋሱም አልሸሸች። የነፋሱን ሐሜት ሰምታ እንዳልሰማች፣ የራሷን መንገድ ሄደች።

ቁምሳጥን ከባህሩ ላይ መቅዘፊያዋን ሽቅብ አነሳች። አባዬ ከዳርቻው ከዘራቸውን አነሱ። ማታ አባዬ ራታቸውን በልተው ደገሙ።

ሐሙስ ነጋ፣ ነፋሱም የሠርግ ጥሪ እንደሰማ መጣ። የታጠበ ልብስ ከገመዱ ተነቅሎ ጎዳናው ላይ ይሮጣል። የወተት ማከፋፈያው በር ላይ ሰው ተሰብስቧል፤ ወተቱ ለሁለት ተከፈለ፣ ለሞተሩና ለቀጭኗ ጀልባ። ቱርቦ ጥቁር መነጽር አድርጓል።

"እህ! እትዬ ቁምሳጥን፣ በእንዲህ ያለ ነፋስ ባትወጪስ? ለጤናሽ ብዬ ነው እኮ። እህ! እኔ ደርሼ ሰላምታሽን አቀርባለሁ።"

"አንተ ድረስና እኔን ጠብቀኝ" አለችው። "ቅርጫቱን ግን እንዳትነካ፣ ወተት ይኖርበታል።"

ሞተሩ አስሎ አስሎ ተነሳ። ቱርቦ ውሃውን ለሁለት ሰንጥቆ ሲወጣ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበ። ቁምሳጥን አላጨበጨበችም፣ አልቸኮለችም። አባዬ አፍንጫዋን በመዳፋቸው ቀና አደረጉ፣ ዞረው ጭራዋን ቀና አደረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሂጂ፣ ልጄ። ወፍራሙ ቦታው ላይ ነው።"

ግራ፣ ቀኝ። ግራ፣ ቀኝ። ከዳርቻው ሲወጡ ነፋሱ በቀኝ ጎኗ ተጫናት። ድሮ ይሄኔ አፍንጫዋን ትሰጠው ነበር። አሁን ሞከራት፣ ገፋት፣ ጮኸባት፣ ጀልባዋ ግን ሚስማር እንደዋጠች ቀጥ። ማዕበሉ ከሥሯ እየገባ በሌላው በኩል ይወጣል። ሁለቱም ትከሻዎቿ እኩል ይሠራሉ፤ ግራው ከዓመት ፈቃዱ ተመልሷል። መሃል ባህር ላይ ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ አፍንጫዋን በትንሹ ሲነቀንቀው፣ በቀኝ አንድ ሰፋ ያለ ቀዘፋ ሰጠቻት፤ አንድ ብቻ። "ይቅርታ" እንዳለ ሰው ወደ መስመሯ ተመለሰች። ቁምሳጥን መዝፈን ጀመረች። ድምፅ የላትም፣ ግን ባህር ላይ ማን ይሰማታል።

ቱርቦ ሩቅ ነው። እሱ መንገዱ ረጅም ነው፤ ደሴቷን መዞር አለበት፣ ማዕበሉም ጀልባውን ከፊት እየተቀበለ ያነሳዋል፣ ይፈጠፍጠዋል። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ዷ! ዷ! ሲል ከርቀት ይሰማል። ደሴቷን ዞሮ ሲሰወር ቁምሳጥን ድንጋዮቹ ጋ ደርሳለች።

የሚያስፈራው እዚህ ነው። በድንጋዮቹ መሃል ነፋሱ ተጨናንቆ ስለሚገባ ይፎጭበታል። በነፋሱ ወራት እዚህ ስትደርስ ሁልጊዜ ጀልባዋ ተዟዙራ በጎኗ ትገባ ነበር፤ አንዴ ድንጋዩ ጎኗን ቧጥጧታል። ቁምሳጥን መቅዘፊያዋን ጠበቅ አደረገች። ነፋሱ ፎጨ። ቀዘፈች፣ ቀዘፈች፣ እና ጀልባዋ እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ፣ ግራውንም ሳትነካ፣ ቀኙንም ሳትነካ፣ ሹልክ!

"እልልልል!" አለች ቁምሳጥን። ድንጋዮቹ እልልታዋን ተቀብለው ደገሙላት።

መስኮቱ ተከፈተ። የኩሽናዋ አለቃ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ ብቅ አለች። ከላይ ባሉት መስኮቶች ደግሞ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ከነማንኪያቸው ተደርድረዋል፤ ለካ ጠዋቱን ሙሉ ሲያዩዋት ነበር።

"አንቺ-ኢኢ! ምን ሆነሽ ነው? ዛሬ አልዞርሽም-ምም!"

"ቅርጫቱን አውርጂ እህቴ! ምድጃሽ እንዳይቀዘቅዝብሽ!"

ቅርጫቱ ወረደ። ጀሪካኗ ወጣች። የኩሽናዋ አለቃ ከፈተች፣ አሸተተች፣ ጣቷን ነክራ ላሰች፣ ድስቱን ጣደች። ወተቱ ምድጃው ላይ ሲፈላ፣ በኮረብታው ጫፍ ላይ አንድ ጋሪ ታየ። ከጋሪው ኋላ አንድ ሰው አለ፤ መነጽሩ ባህር ገብቷል፣ ሸሚዙ ይንጠባጠባል፣ ጉሮሮው ብቻ እንደ ጥንቱ ነው።

"እህ! ደረስኩ! እህ! ማነው... ቀድሞ..."

አሮጊቶቹ ከላይ ማንኪያቸውን በመስኮቱ ብረት ላይ መምታት ጀመሩ። ሽማግሌዎቹ ተቀበሉ። ቤቱ ሁሉ ኪንግ ኪንግ ኪንግ አለ። ቁምሳጥን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

የኩሽናዋ አለቃ በትኩስ ወተት የተሞላ ኩባያ ቅርጫቱ ውስጥ አድርጋ ወደ ታች አወረደችላት። "ጠጪ-ጪ። ላሜ ከባህር ወጣች" አለቻት። ከዚያ ወደ ኮረብታው አንገቷን አስግጋ ጮኸች፦ "ቱርቦ-ኦኦ! የአንተንም አምጣው፣ ለጣፋጩ ፑዲንግ ይሆናል! ከዛሬ ወዲያ ግን ወተቱ የእሷ ነው-ው!"

ቱርቦ ጋሪው ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ከተነፈሰ በኋላ ወደ ታች አያት፤ ጀልባዋን አያት፣ ድንጋዮቹን አያቸው። "እትዬ" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያስል፣ "እንዴት አደረግሻት?"

"ና አባዬን ጠይቅ። ግን ወሬያቸውን ሲጀምሩ አስጨርሳቸው።"

ወተቱን እስከ ጭላጩ ጠጣች፤ ከንፈሯ ላይ ነጭ ጢም ቀረ። የኩሽናዋ አለቃ ገመዱን እየሰበሰበች፣ "ነገም እኮ ነፋስ ይመጣል ብለዋል-ልል፤ ከዛሬው የባሰ" አለቻት።

ቁምሳጥን ጢሟን በእጇ ጀርባ ጠረገች፣ መቅዘፊያዋን አነሳች፣ ጀልባዋን ከድንጋዩ ገፋ አደረገቻት።

"ይምጣ!" አለች። "ይምጣና ይየኝ!"